ለገሃር በጠረጴዛ ላይ፦ ከአንድ ትንሽ ባቡር የተማርኩት

በዚህ እትም ስለ ባቡር እንማራለን። ለምን ባቡር እንደሆነ ግን መጀመሪያ ላጫውታችሁ።

ባለፈው ዓመት የማኅበራችን የባህል ቀን ሲቃረብ እያንዳንዳችን ከአገር ቤት አንድ ነገር እንድናቀርብ ተባለ። አንዱ ጀበናና ረከቦት፣ ሌላው መሶብ፣ ሌላዋ የሐበሻ ቀሚስ ይዘው እንደሚመጡ ስለማውቅ እኔ ለየት ያለ ነገር ፈለግሁ። እናቴ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ በልጅነቴ ከተረት ይልቅ የባቡር ወሬ ነው የሰማሁት። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን የአዲስ አበባውን ለገሃር ከነባቡሩ በትንሹ ሠርቼ ላሳይ ብዬ ተነሣሁ። የሁለት ሳምንት ደመወዜን ለሞዴል ሐዲድና ለአንዲት ትንሽ የእንፋሎት ባቡር አወጣሁ። የጣቢያውን ሕንፃ ከፎቶግራፍ እያየሁ በካርቶን ሠራሁ። ሥራው ሲያልቅ እዚሁ ኖርዝ ላስ ቬጋስ የሚኖሩትን የእናቴን አጎት መጥተው እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው።

ጋሼ በወጣትነታቸው በድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ የሠሩ፣ እዚህ መጥተው ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ከዚያ መድረኩ ላይ ካቆምኳቸው ትንንሽ ሰዎች አንዱን አነሡና ሐዲዱ ላይ አጋደሙት። ራሱ በአንዱ ብረት፣ እግሩ በሌላው ብረት ላይ አረፈ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ጣቢያው ለገሃር ነው፤ ሐዲዱ ግን የቻይናው ነው አቦ!»

ያን ቀን በጣም አፈርኩ። ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ ትምህርት በሙሉ የተወለደው ከዚያች ንግግር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ፦ ሐዲዱ ለምን ጠበበ?

የአንድ የባቡር መስመር ዋና መለያ በሁለቱ ብረቶች ውስጠኛ ጠርዝ መካከል ያለው ስፋት ነው። አሜሪካን ጨምሮ ከዓለም የባቡር መስመር ከግማሽ የሚበልጠው 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ግን ልክ አንድ ሜትር ነበር። የአንድ መካከለኛ ሰው ቁመት 1 ሜትር ከ74 ነው ብንል፣ ሰውየው በድሮው ሐዲድ ላይ ቢጋደም ራሱና እግሩ ከብረቶቹ ውጭ ይተርፋሉ። ጋሼ በአንድ አፍታ ያረጋገጡት ይህን ነው።

ጠባብ ሐዲድ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠባብ ሐዲድ ተራራ ሲያጋጥመው በጠበበ ኩርባ መታጠፍ ይችላል፤ ስለዚህ ቁፋሮው ያንሳል፣ ድልድዩም ይቀላል፣ ገንዘብም ይቆጥባል። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ለሚወጣ መስመር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታሪኩም ስለ ገንዘብ ብዙ ይናገራል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጣሊያን ፉክክርም ተጨመረበት። ፈቃዱ በ1908 ታድሶ ሥራው በአዲስ ኩባንያ፣ በፍራንኮ-ኢትዮጵያ የምድር ባቡር፣ ተቀጠለ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር፣ 20 ዓመት! ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ሕንፃ ደግሞ የተመረቀው በ1929 ነው።

በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ግን ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የድሮዎቹ ፉርጎዎች በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄዱ አይችሉም። አዲሱ መስመር የድሮው ልጅ ቢሆንም፣ ልጁ የአባቱን ጫማ ማድረግ አልቻለም። እኔ የገዛሁት ሐዲድ የሁለተኛው ነበር።

ሁለት፦ ባቡር ማለት እንፋሎት ነው

ይህን ስታውቁ እንደ እኔ ትገረሙ ይሆናል። «ባቡር» የሚለው ቃላችን ዘሩ እንፋሎት ማለት ነው። ጣሊያኖች «ቫፖሬ»፣ ፈረንሳዮች «ቫፐር» ይሉታል፤ በሜዲትራንያን ዳርቻ ቱርኩም ዓረቡም ቃሉን ለእንፋሎት መርከብ ወስዶት፣ በዓረብኛ አፍ «ባቡር» ሆነ። እኛም በእንፋሎት ወይም በሞተር ለሚሠራ ነገር ሁሉ አዋልነው። በጎጃምና በጎንደር እህል ለማስፈጨት «ባቡር ቤት» ይኬድ የነበረው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለምኒልክ ያስመጣው የእንፋሎት መንገድ መዳመጫም «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ነበር።

ሌሎቹም ቃላት የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። «ለገሃር» ፈረንሳዮች ጣቢያን «ላ ጋር» ከሚሉት የመጣ ነው። «ሐዲድ» በዓረብኛ ብረት ነው። «ሾፌር» ደግሞ በፈረንሳይኛ መጀመሪያ መኪና ነጂ ሳይሆን ማሞቂያውን በእሳት የሚቀልብ ሠራተኛ ነበር። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁ፤ «እንግዲያው እኔ ላስ ቬጋስ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሳት ሳነድ ነው የኖርኩት!» አሉ።

አሠራሩስ? ጀበና እሳት ላይ ጥዳችሁ አፉን በውታፍ ብትደፍኑት ምን ይሆናል? እንፋሎቱ ውታፉን ይገፋዋል። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በተራ የአየር ግፊት ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። የእንፋሎት ባቡር ይህን ግፊት አስሮ የሚያሠራ ትልቅ ጀበና ነው።

በቅደም ተከተል እንየው፦

ከነጂው ፊት ለፊት የእሳት ሳጥኑ አለ። ከዚያ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ረጅሙን የውኃ በርሜል አቋርጠው በሚያልፉ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይሄዳል። ቱቦዎቹ ውኃውን ያፈሉታል። ውኃው በታፈነ ቦታ ስላለ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ በትልልቆቹ ባቡሮች ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። የታመቀው እንፋሎት ወደ ሲሊንደር ይገባል፤ ፒስተኑን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ፒስተኑ በዘንግ አማካይነት ጎማውን ያዞራል።

አሁን የወደድኩትን ክፍል ልንገራችሁ። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በከንቱ አይጣልም። በጭስ ማውጫው በኃይል ሲወጣ ጭሱን ከቱቦዎቹ እየሳበ ይሄዳል፤ በቦታው ንጹሕ አየር ወደ እሳቱ ይገባል። ባቡሩ ዳገት ላይ በደከመ ቁጥር አወጣጡ ይበረታል፤ እሳቱም ያኔ ይበልጥ ይነዳል። ልጆች ሆነን «ቹፍ ቹፍ» የምንለው ድምፅ ይኸው ነው፤ ባቡሩ ሲተነፍስ። ከፊዚክስ መጻሕፍት ሁሉ ይህን የመሰለ ራሱን የሚያስተካክል አሠራር በዚህ ቀላልነት ያስረዳኝ የለም።

ጋሼ በእንፋሎቱ ዘመን አልሠሩም። በ1950ዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ቦታውን መውሰድ ጀምረው ስለነበር እርሳቸው ሲቀጠሩ ሥራው የናፍጣ ነበር። ያስተማሯቸው አለቆች ግን የእንፋሎት ሰዎች ነበሩ። «እነሱ ሞተሩን በጆሮ ነው የሚመረምሩት» ይላሉ። «እኛ መሣሪያ ስንፈልግ እነሱ ዝም በሉ ይሉና ያዳምጣሉ።»

ሦስት፦ ሁለቱ የባቡር ልጆች

እዚህ ከተማ ለምንኖር ሰዎች አንድ ነገር ልጠይቅ። ላስ ቬጋስን ማን ወለዳት? ቁማር ካላችሁ ተሳስታችኋል። ባቡር ነው።

የእንፋሎት ባቡር ውኃ ይጠጣል፤ ብዙ ይጠጣል። ከሶልት ሌክ ሲቲ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚሄደው መስመር በዚህ በረሃ ሲያልፍ ውኃ ያገኘው እዚህ ምንጭ ላይ ነው። የከተማዋ ስም ራሱ በስፓንኛ «መስኮቹ» ማለት ነው። የባቡሩ ኩባንያ መሬቱን ሸንሽኖ በግንቦት 15 ቀን 1905 በጨረታ ሸጠ፤ ከተማዋ ተወለደች። አውራጃችን ክላርክ የተባለው በባቡሩ ባለቤት በሴናተር ዊሊያም ክላርክ ስም ነው። የመጀመሪያው ጣቢያ የነበረው በፍሪሞንት ጎዳና ጫፍ፣ ዛሬ ፕላዛ ሆቴል በቆመበት ቦታ ነው። ለሠራተኞቹ የተሠሩት ትንንሽ ቤቶች ጥቂቶቹ ዛሬም ስፕሪንግስ ፕሪዘርቭ ውስጥ ይታያሉ።

አሁን ድሬዳዋን ከጎኗ አስቀምጧት። ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር። ሐረር ግን 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደዚያ መውጣቱ ውድ ሆነ። መስመሩ ተራራውን ትቶ ከሥሩ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ቆመ፤ በ1902 አዲስ ከተማ ተወለደች። ወርክሾፕ ተሠራ፤ ጥላ ያላቸው ቀጥ ያሉ የከዚራ መንገዶች ተዘረጉ፤ ከደቻቱ ማዶ መጋላ አደገች። በሦስት ዓመት ልዩነት፣ በሁለት በረሃ፣ በአንድ ምክንያት የተወለዱ ሁለት ከተሞች! እናቴ «ላስ ቬጋስ ስደርስ ሙቀቱ አልከበደኝም» የምትለው ለካ ከእህቷ ቤት መጥታ ነው።

የሁለቱም ዕጣ ይመሳሰላል። ላስ ቬጋስ ከ1922ቱ የባቡር ሠራተኞች አድማ በኋላ ወርክሾፗን አጣች፤ ወደ ካሊየንቴ ተወሰደ። በ1997 ደግሞ የመንገደኛ ባቡሯ ተቋረጠ። ድሬዳዋም የድሮው መስመር ሲዳከም ሠራተኛዋ ተበተነ። ከተበተኑት አንዱ እዚህ በታክሲ ሲዞሩ ኖሩ።

አራት፦ 784 ኪሎ ሜትር በጠረጴዛ

ሞዴል ባቡር የልጅ መጫወቻ ብቻ አይደለም፤ ጥሩ የሂሳብ መምህር ነው። በብዛት የሚሸጠው መጠን 1 ለ87 ይባላል። ማለትም በእውነተኛው ዓለም 87 ሜትር የሆነ ነገር በጠረጴዛ ላይ 1 ሜትር ነው። እስቲ አብረን እናስላ፦

1 ሜትር ከ74 የሆነ ሰው፣ ሲካፈል ለ87፣ ልክ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአንድ ሜትሩ ግን 11.5 ነው፤ በገበያ የሚገኘው 12 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን መጠን በብዛት የሚገዙት የስዊዝን የተራራ ባቡሮች የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የእኛን መስመር ያስጀመረው ኢልግ ስዊዛዊ መሆኑን ሳስታውስ ፈገግ አልኩ።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በጠረጴዛ ላይ በሰከንድ 19 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል። አብዛኞቻችን ሞዴል ስንነዳ ከዚህ በጣም እናፈጥናለን።

ጠቅላላው መስመርስ? 784 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ለ87፣ 9 ኪሎ ሜትር! የአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ 27 ሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ የለም። ስለዚህ ሞዴል ሠሪ ሁሉ መርጦ ያሳጥራል፦ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ኩርባ። ምን እንደምናስቀርና ምን እንደምንጥል መወሰን ታሪክ ከመጻፍ አይለይም።

ኩርባው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመደብር የሚሸጠው የተለመደ የሞዴል ኩርባ ከመሐል እስከ ሐዲዱ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ87 ብታባዙት 40 ሜትር ይመጣል። እውነተኛ ባቡር በፍጥነት እንዲህ ቢታጠፍ ይወድቃል። ሞዴሉ የማይወድቀው ፍጥነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው።

ይህን እያስረዳሁ ጋሼ ዝም አሉ። ምን እንዳስታወሱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በጥር 1985 አዋሽ አጠገብ አንድ ፈጣን ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኩርባ ላይ ካለ ድልድይ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ጋሼ ስለዚያ ቀን አይናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ግን የባቡር ፍቅር የፉጨትና የጭስ ናፍቆት ብቻ ከሆነ ግማሹን እውነት ይደብቃል። በእኔ ሞዴል ላይ ዛሬ አንድ ድልድይ አለ፤ እዚያ ስደርስ ፍጥነቱን እቀንሳለሁ።

አምስት፦ ማን ነው የሚጠብቀው?

በጥቅምት 2019 «ቢግ ቦይ» የተባለው ግዙፍ የእንፋሎት ባቡር ላስ ቬጋስ መጥቶ ነበር። በ1941 የተሠራ፣ ከነውኃና ነዳጅ ማጠራቀሚያው ከ500 ቶን በላይ የሚመዝን፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2019 ታድሶ የተንቀሳቀሰ ነው። ጋሼን ይዤ ሄድኩ። ከሕዝቡ ጋር ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። አለቆቻቸው እንዳስተማሯቸው።

እንዲህ ያለ ነገር የሚድነው በብረቱ ጥንካሬ አይደለም። ከእኛ በስተ ሰሜን ኢሊ በምትባል ከተማ የኔቫዳ ኖርዘርን ባቡር አለ። የመዳብ ኩባንያው በ1983 ሥራ ሲያቆም ባቡሮቹን፣ ወርክሾፑን፣ መሣሪያዎቹንና ወረቀቶቹን ሁሉ እንደነበሩ ትቶ ሄደ። ዛሬ በ1910 የተሠራው 40 ቁጥር ባቡር እዚያ ይሄዳል፤ ሠልጥኖ መንዳት የሚፈልግ ጎብኚም ከፍሎ ይነዳል። ቅርብ ለምትፈልጉ ቦልደር ሲቲ ያለው የባቡር ሙዚየም ለሁቨር ግድብ ሥራ በ1931 በተዘረጋው ሐዲድ ላይ ጎብኚ ያመላልሳል። ሰው ተቀምጦባቸው የሚሄዱ ትንንሽ ባቡሮችም አሉት።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የኤርትራው ነው። ከምጽዋ አሥመራ የሚወጣው መስመር ስፋቱ 950 ሚሊ ሜትር ነው፤ በጦርነቱ ፈርሶ፣ ሐዲዱ ለምሽግ ተወስዶ ነበር። በ1990ዎቹ መልሰው የሠሩት በጡረታ ላይ የነበሩ አሮጌ ሠራተኞች ናቸው። ተጠርተው መጡ፤ በ1930ዎቹ የተሠሩትን ባቡሮች እንዴት እንደሚፈቱና እንደሚገጥሙ እጃቸው ያስታውስ ነበር። እነዚያ ሽማግሌዎች በጊዜው ባይኖሩ ኖሮ ብረቱ ብረት ሆኖ ይቀር ነበር።

ስድስት፦ የቤት ሥራ

እዚህ ላይ ነው ነገሩ እኔ ቤት የገባው። ጋሼ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል ያሉትን ጣቢያዎች እንደ ዳዊት በቃላቸው ይደግሟቸው ነበር፦ ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ መኢሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ ናዝሬት፣ ሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ አቃቂ። ስሞቹን ከካርታ ማግኘት ይቻላል። በየጣቢያው ማን ምን ይሸጥ እንደነበር፣ የትኛው ዳገት ላይ ሞተሩ እንደሚያቃስት፣ ወርክሾፑ ውስጥ በፈረንሳይኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ እንዴት ይቀላለዱ እንደነበር ግን ካርታ ላይ የለም። እኔ ያንን አልቀዳሁም። «ሁልጊዜ ይነግሩኛል» ብዬ ነበር።

ባለፈው ወር እንደገና ጠየቅኋቸው። ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም ብለው ቆሙ። ጣታቸውን ሐዲዱ ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ቆዩ። «ይመጣል» አሉ፤ «ባቡሩ ውኃ እየሞላ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ እሑድ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እቀዳለሁ። እናንተም ቤታችሁ የባቡር፣ የቴሌ፣ የአየር መንገድ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ አባት፣ እናት፣ አያት ካለ እንዲህ ጀምሩ። «ታሪክህን ንገረኝ» አትበሉ፤ አፍ ይዘጋል። አንድ ዕቃ አሳዩአቸው፦ ፎቶ፣ ቁልፍ፣ መፍቻ፣ ሞዴል። «ይሄ ምን ይሠራል?» በሉ። ተሳሳቱ፤ ሲያርሟችሁ ይናገራሉ። የሙያውን ቃል እነርሱ እንዳሉት ጻፉት፤ ፈረንሳይኛም ጣሊያንኛም ቢሆን አታስተካክሉ። ዘመኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነገሯችሁ እንደነገሯችሁ ያዙት። ሲደክሙ ተዉአቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ።

ሐዲዱን በ12 ሚሊ ሜትር ቀይሬዋለሁ። ትንሹን ሰውዬ ሲያጋድሙት አሁን ራሱም እግሩም ከብረቱ ውጭ ይተርፋል፤ ጋሼ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። የእንፋሎት ባቡሯ ግን በሰፊው ሐዲድ ልክ የተሠራች ስለሆነች መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች፤ ለጠባቡ የሚሆን እስካገኝ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። በሚቀጥለው የባህል ቀን ጠረጴዛዬ ከቡናው አጠገብ ይሆናል።

እስከዚያው ግን አንድ ልመና አለኝ። ከእናንተ መካከል በዚያ መስመር የሠራ ወይም የተመላለሰ ዘመድ ያለው ካለ፣ ከአፍደም እስከ አዋሽ ያለውን መንገድ እንዲተርክለት ጠይቆ ለዝግጅት ክፍሉ ይላክልን። ለጋሼ አነብላቸዋለሁ።

ሰላም ቆዩ።